ማስኩ ለጥበቃው ነው ወይስ ለእናታችሁ?

ወገኖቼ፣ ታኅሣሥ 2013 ላይ ነን፣ ኮሮናም አልለቀቀንም። የነቢያት ጾም ሊፈታ ነው። ገና ደርሷል። ሾላም መርካቶም መላወሻ የለም። ዶሮ የሚያማርጠው፣ ቅቤ የሚያሸተው፣ ሽንኩርት የሚያስመዝነው፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። ማስኩስ? አገጭ ላይ ነው። ሻጩ ዋጋ ለመጥራት አውርዶታል፣ ገዢው ለመከራከር አውርዶታል። ባንክ በር ላይ ስትደርሱ ወደ አፍንጫችሁ ይወጣል። ጥበቃውን ስታልፉ ተመልሶ ይወርዳል። ሰፈር ውስጥ በትክክል ያደረገ ሰው ስታዩ ደግሞ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ትሉታላችሁ።

እስቲ መጋቢት 4 ቀን 2012ን አስታውሱ። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረ ቀን ማለቴ ነው። አገሩ ሁሉ ተርበደበደ። በየሱቁ በር ባለቧንቧ ጀሪካን ተቀመጠ። ሳሙና ይዞ አላፊ አግዳሚውን የሚያስታጥብ ወጣት በየመንገዱ ነበር። በእጅ መጨባበጥ ቀርቶ በክርን ሆነ። ያን ሁሉ ያደረግነው ለአንድ ታማሚ ነው! ዛሬ፣ በታኅሣሥ 2013፣ በምርመራ የተለዩት ከ120 ሺህ በላይ ናቸው። የሞቱት ከ1,900 አልፈዋል። ጀሪካኑ ግን ደርቋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲያበቃ በሽታውም አብሮ ያበቃ መሰላችሁ። አላበቃም። በ2013 አዋጁን የተካ መመሪያም እኮ ወጥቷል። በእሱ ማስክ ግዴታ ሆነ፣ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ስብሰባውም ከ50 ሰው እንዳይበልጥ ተባለ። ማን አነበበው?

ቁጣዬ ለሁላችሁም እኩል አይደለም። ጉልት ላይ ቃሪያ የምትቸረችረውን እናት ቤትሽ ተቀመጪ አልላትም። በቀን ሥራ የሚያድረውን፣ ሰው በታጨቀበት ታክሲ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የሌለውን ሠራተኛም እንዲሁ። የምቆጣው መጠንቀቅ እየቻለ ለተወው ነው። ግብዣውን መቀነስ እየቻለ አዳራሽ ለተከራየው፣ መስኮት ጠርቅሞ ቤት ሙሉ ሰው ለሚሰበስበው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያስፈራው ግን ወደ ክፍለ ሀገር የሚደረገው ጉዞ ነው። በእነዚህ ቀናት መናኸሪያዎቹን እዩ። ከአዲስ አበባ የሚወጣው አውቶቡስ ሁሉ ሞልቷል። በአገሪቱ ከተመዘገቡት ታማሚዎች ከግማሽ በላይ የተገኙት ደግሞ በዚሁ ከተማ ነው። ለእናታችሁ ነጠላ፣ ለአባታችሁ ጋቢ ይዛችኋል። ደግ አድርጋችኋል። ግን ስትደርሱ ምን ይሆናል? እማማ አገላብጠው ይስማሉ። አባባን ጉልበታቸውን ትስማላችሁ፣ እሳቸው ቀና አድርገው ይመርቃሉ። ከዚያ አንድ መሶብ ይቀርባል። ጉርሻው ይቀጥላል። ይህ ቫይረስ ደግሞ ምንም ሳያማችሁ ከእናንተ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ወጣቱ ላይ ጉንፋን መስሎ ያልፋል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን አዛውንት ይጥላል።

ቀኑን አስቡት። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን ቆይቶ ነው የሚታየው፣ እስከ 14 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እናታችሁ የሚታመሙት እናንተ ተመልሳችሁ ሥራ ከገባችሁ በኋላ ነው። ምናልባት ለጥምቀት ሲዘጋጁ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። የቅርቡ ጤና ጣቢያ ኦክስጅን አለው? አዲስ አበባ ላይ እንኳ የጽኑ ሕሙማን አልጋ እንደልብ አይገኝም። ሲያልፉም «ድንገተኛ ሕመም ነው» ይባላል። ጎረቤቱ ለለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይታጨቃል። ማን እንዳመጣው የሚጠይቅም አይኖርም።

ሕመምን መደበቅም ተዉ፣ ወገኖቼ። ሳል የያዘው ሰው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጠጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ ከማኅበር ይቀመጣል። «ሰው ይርቀኛል» ብሎ ነው። የሚያገልለውም እናንተው ናችሁ። የታመመን ሰው ቤት በጣት ማሳየት ካልተዋችሁ ማንም አይናገርም። ካልተናገረም ማንም አይጠነቀቅም።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ልክ ነው፣ በጨዋታ አይቆጡም። የእናትና የአባት ትንፋሽ ግን ጨዋታ አይደለም።

እና ምን አድርጉ ነው የምለው? ጉዞውን ማስቀረት የምትችሉ አስቀሩት። ለዶሮው ብር ላኩላቸው፣ ደውሉላቸው፣ ለፋሲካ እንመጣለን በሏቸው። መሄዳችሁ ካልቀረ በመንገድ ላይ የአውቶቡሱን መስኮት ክፈቱ፣ ማስኩን አፍንጫችሁ ላይ አድርጉ። ስትደርሱ ከሩቅ እጅ ንሱ። ይከፋቸዋል፣ አውቃለሁ። አስረዷቸው። ምግቡን ግቢ ውስጥ፣ አየር ባለበት ቦታ ብሉ፣ ለእነሱ ለብቻ ይቅረብላቸው። ቅዳሴ የምትሄዱም በቅጽሩ ተራራቁ፣ ቅጽሩ ይበቃል። ላሊበላ የምትወርዱ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር አጠገባችሁ ያሉትን አረጋውያን አስቡ። ትኩሳት ወይም ሳል ያለባችሁ ደግሞ ትኬታችሁን ዛሬውኑ መልሱና ወደ ኮሮና የጥሪ መስመሮቹ 8335 ወይም 952 ደውሉ።