የሽኝት መዋጮ

ሰሞኑን የማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያቺ የለመድናት መልእክት ብቅ ብላለች። «ውድ አባላት፣ ጋሼ እገሌ ቀሪ ዘመናቸውን በሚወዷት አገራቸው ለማሳለፍ ጠቅልለው ስለሚገቡ፣ ለሽኝቱ በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር እስከ እሑድ በዜል እንድታስገቡ በትሕትና እናሳስባለን።» ከሥሯ ሁለት ጭብጨባ፣ አንድ ባንዲራ፣ ከዚያ ጸጥ። ጸጥታው ምክንያት አለው። አምና በዚሁ አዳራሽ፣ በዚሁ ክትፎ የተሸኙት ጋሼ ፋሲካ ሳይደርስ እዚሁ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሰው ባልትና ቤት እንጀራ ሲያማርጡ ያላያቸው የለም። ሰላም ሲሏቸው «ለምርመራ ብቅ ብዬ ነው» ይላሉ። ምርመራው እስካሁን አላለቀም።

ሃምሳ ዶላሩስ ይሁን። የሚያበግነው ጋቢው ነው። ተሸኚውን መድረክ ላይ አውጥተው ጋቢ ያለብሱታል። ያ ጋቢ ሽሮ ሜዳ ተገዝቶ፣ በሰው ሻንጣ በልመና ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ነው፤ አሁን ተጨብጭቦለት ወደመጣበት ሊመለስ ነው። አየር መንገዳችን ከአሜሪካ ለሚነሳ መንገደኛ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የሠላሳ ዓመት ኑሮውን በ46 ኪሎ መጨረስ ላለበት ሽማግሌ ወፍራም ጋቢ መጨመር ቅጣት እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ኪሎ ከተነሳ ደግሞ የ«ትንሽ ዕቃ ናት» ባዮች ነገር አለ። ትንሿ ዕቃ ሚዛን ላይ ስትወጣ ሁልጊዜ አራት ኪሎ ናት፤ ሠፈሯ ናፍቋት ይሆናል። ከላይ የልጅ ጫማ፣ ከሥር ሦስት ጠርሙስ ቫይታሚን፣ መሀል ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ያገለገለ ላፕቶፕ። ላኪዋ ቤት ድረስ አታመጣውም። ደለስ ኤርፖርት፣ ያውም ሻንጣው በፕላስቲክ ከታሸገ በኋላ ነው ከች የምትለው። 23 ኪሎ ያለፈ ሻንጣ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ 32 ያለፈ ጭራሽ አይጫንም። ስለዚህ የተከበሩት ተሸኚ ወለል ላይ ተንበርክከው የገዛ ሱፋቸውን አውጥተው የሰው ቫይታሚን ያስገባሉ። ቦሌ ጉምሩክ ላይ «ላፕቶፑ የማን ነው?» ሲባሉ ደግሞ ተቀባዩ ስልክ አያነሳም።

ወደ ሽኝቱ። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። ይህችን ተረት የሚያህል የጡረታ ምክር በየትኛውም የፋይናንስ አማካሪ ቢሮ አይገኝም፤ ያውም በነጻ። የኛ ሰው «ጠቅልዬ እገባለሁ»ን ዕድሜውን ሙሉ በየሠርጉና በየለቅሶው ሲለው ይኖርና መታጠቅ የሚጀምረው ትኬት በቆረጠ ሳምንት ነው። «ጋሼ፣ ሜዲኬሩንስ እንዴት አደረጉት?» ሲባሉ «እሱን ልጆቹ ያውቃሉ» ይላሉ። ልጆቹ ሲጠየቁ «ዳዲ ነው የሚያውቀው»።

ዳዲም ልጆቹም የማያውቁት ይህን ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ሕክምና መድን በ65 ዓመት ይጀምራል፤ ከአሜሪካ ውጭ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አምስት ሳንቲም አይከፍልም። አዲስ አበባ ላይ ልብ ቢደክም የሚከፈለው ከኪስ ነው። እዚህ ጋ ብልጡ ሰው «ታዲያ ለማልታከምበት ለምን እከፍላለሁ?» ይልና ክፍል ቢ የሚባለውን፣ የሐኪም ቀጠሮና ምርመራ የሚሸፍነውን፣ ይተወዋል። በ2025 ክፍል ቢ በወር 185 ዶላር ነበር፤ መተው ያጓጓል። ግን ሳይመዘገቡ ላለፈ ለያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት አለው፤ ቅጣቱም ዕድሜ ልክ የሚከፈል ነው። በ65 ትቶ በ70 ጉልበቱ እምቢ ሲለው የተመለሰ ሰው፣ በዚያ ዓመት ዋጋ ሌላው በ185 ያገኘውን እሱ በ277 ከ50 ይገዛው ነበር። ደግሞ በመጣ ቀን አይመዘገብም። አጠቃላይ ምዝገባው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ነው፤ ሽፋኑ የሚጀምረውም ከተመዘገቡበት በሚቀጥለው ወር ነው። በሜይ ጉልበቱን ተሸክሞ የመጣ ሰው እስከ ጥምቀት ሰሞን እዚያው ከነሕመሙ ይጠብቃል። አምና የተሸኙት ጋሼ «ምርመራ» ያላለቀው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ መሰለኝ።

የጡረታው መጠን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኤፕሪል 15፣ የግብር ማሳወቂያው ቀን፣ ሲደርስ ከኛ የባሰ ድሃ በምድር ላይ የለም። ታክሲ ነጂው፣ ኡበር ነጂው፣ ጎማውን፣ ቤንዚኑን፣ ስልኩን፣ የቁርሱን ፉል ሳይቀር ወጪ አስብሎ ትርፉን ባዶ ያደርገዋል። በግሉ የሚሠራ ሰው ለመንግሥት ጡረታው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ስለሚጠየቅ፣ ገቢውን በደበቀ ቁጥር መንግሥትን የበላ ይመስለዋል። ያው ሰው በጁላይ ለልጁ ሠርግ ሊሞዚን ያሰልፋል። ከዚያ በ62 ዓመቱ ቢሮ ሄዶ የወር ጡረታውን ሲነግሩት «ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቼ!» ብሎ አገር ይያዝልኝ ይላል። ቢሮው የሚያውቀው እሱ በአፉ የነገረውን ገቢ ነው። ሒሳቡ ብዙ ገቢ የተገኘባቸውን 35 ዓመታት ይወስዳል፤ 35 ካልሞሉ የጎደለው በዜሮ ይሞላል። በ40 ዓመቱ መጥቶ በ67 ጡረታ የሚወጣ ሰው አንድም ዓመት ሳያርፍ ቢሠራ እንኳ ስምንት ዜሮ ይዞ ነው የሚወጣው። የታክሲው ዓመታት ሲጨመሩበት ደግሞ ሌላው ሁሉ ዜሮ ለመሆን ምንም አይቀረው።

ዕድሜ ካልን ዘንድ በዚህ ጉዳይ የቆየ ቂም አለኝ። በፈረንጆቹ 1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታ በ67 ነው። በ62 የወጣ 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ እስከ 70 የታገሠ 24 በመቶ ይጨመርለታል። ቀላል ነው፣ የሰውዬው ዕድሜ ከታወቀ። ለማትሪክ ሁለት፣ ለስኮላርሺፕ ሦስት፣ ለሚስት ሲባል የቀረችውን የቀነሰ ወንድማችን ዛሬ ጉልበቱ 68፣ ወረቀቱ 61 ነው። በወጣትነቱ «ገና ልጅ ነኝ» እያለ የተኩራራባት ዕድሜ አሁን ዲሲ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊቱን አቁማ ታሳድረዋለች። አበል ለማስተካከል ቢሄድ ቢሮው ይበልጥ የሚያምነው ልጅ አምስት ዓመት ሳይሞላው የተመዘገበ የልደት ወይም የክርስትና ማስረጃ ነው። ክርስትና ያነሱት ቄስ አርፈዋል፤ መዝገቡም ቢኖር ወረቀቱ ላይ ካለው ሰው ጋር አይተዋወቅም። በተቃራኒው ደግሞ ፎርም ላይ የኛን 1950 ሳያስቀይር እንዳለ የጻፈ አለ፤ እሱ ሰባት ስምንት ዓመት በነጻ አርጅቷል፤ ቶሎ ጡረታ ወጥቶ ባልንጀሮቹን በመስኮት ያያቸዋል። አንዱ ብልጠቱ ገደለው፣ ሌላው ዝንጋታው አጸደቀው።

በሱዳን በኩል የመጣውና የልደት ቀኑን የማያውቀው ሁሉ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ አሉ። ይልቅ ሕጉን ቢያነቡት! በሶሻል ሴኩሪቲ አቆጣጠር ሰው ዕድሜውን የሚሞላው ከልደቱ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ስለዚህ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 የተወለደ ሰው በ1959 እንደተወለደ ይታያል፤ ሙሉ ጡረታው በ67 መሆኑ ቀርቶ በ66 ዓመት ከ10 ወር ይደርስለታል። ካምፕ ውስጥ አንድ የደከመው ጸሐፊ ሁለት ወር መርቆለታል። ማንም ግን ይህን አዳራሽ ውስጥ ተነስቶ አይናገርም፤ ሁሉም ስለ አገር ፍቅር ነው የሚናገረው።

ዜግነቱን ሳይወስዱ «ጠቅልዬ ልግባ» የሚሉት ይብሳሉ። «በዓመት አንዴ ብቅ ካልኩ ግሪን ካርዴ አይነካም» የሚል ሕግ ማን እንዳወጣ አይታወቅም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት አላወጣውም። ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሰው ሲመለስ ይጠየቃል። ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየት ያሰበ ሰው ሳይሄድ፣ ገና አሜሪካ ውስጥ እያለ፣ ፎርም አይ-131 ሞልቶ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት፤ ፈቃዱ የሚያገለግለው ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው። ድንበር ላይ ያለው መኮንን የሚመዝነው ኑሮህ የት ነው የሚለውን ነው፤ አዲስ አበባ አያት ሠፈር ፎቅ ሠርቶ፣ እዚህ የወንድም ልጅ ቤት ምድር ቤት አንድ ሳጥን ያስቀመጠ ሰው መልሱ ፊቱ ላይ ይነበባል። ካርዱን መልሶ በኢትዮጵያዊነቱ አዲስ አበባ የሚቀመጥ ደግሞ ከጡረታው 25.5 በመቶ ግብር በየወሩ ይቆረጥበታል፤ የአበሉ 85 በመቶ ላይ የሚጣል 30 በመቶ ነው።

«ታዲያ ዜግነቱን ለምን አልወሰዱም?» ሲባሉ «እንግሊዝኛው!» ይላሉ። ስለ አሜሪካ ምርጫ በየካፌው ሦስት ሰዓት የሚከራከር ሰው ነው ይህን የሚለው። ዕድሜው 50 ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ነው፤ አስተርጓሚ ይዞ በአማርኛ ይፈተናል። 65 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረማ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከነዚያ 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ አለፈ። በሽኝቱ ቀን የሚታተመው የአዋጪዎች ስም ዝርዝር እንኳ ከዚህ ይበልጣል።

ሲምሉ ደግሞ የኢትዮጵያው ዜግነት ይቀራል፤ የዜግነት አዋጁ፣ ቁጥር 378/1996፣ ጥምር ዜግነት አያውቅም። ለዚህ ነው ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ያለው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያስቀምጣል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል። መምረጥና መመረጥ፣ መከላከያና ደኅንነት፣ የውጭ ጉዳይ ሥራ አይፈቀድበትም፤ በ70 ዓመቱ ጄኔራል ለመሆን ያሰበ ካለ ይቅርታ። ማስረጃው ትውልድን የሚያሳይ ሰነድ ነው፤ አንደኛው አሮጌው ፓስፖርት። ያንን ደግሞ በደስታው ቀን «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብሎ የጣለው ብዙ ነው። ያልጣለውም ሲምል ስሙን አሳጥሮ ፓስፖርቱ ላይ ወልደ ጊዮርጊስ የነበረው ጆርጅ ሆኖ ይመጣል፤ የስም ለውጡን ወረቀት ካልያዘ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳለት የለም። ካርዱን ያላገኘ በ30 ወይም በ90 ቀን ቪዛ ይገባል፤ በገዛ ቤቱ በረንዳ ላይ ቱሪስት ሆኖ ቡና ይጠጣል።

ገንዘቡን ሁሉ ወደ ብር ቀይሮ ባንክ ያስቀመጠውን እንተወው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶ ተሻግሯል፤ ቁስሉ ገና ነው። ውጭ አገር ባሉት ሒሳቦቹ ውስጥ ያለው ተደምሮ በዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ኤፍባር በሚባለው ቅጽ ማሳወቅ እንዳለበትም ጨርሶ አልሰማም።

ፖስታው ግን አይታለፍም። ሶሻል ሴኩሪቲ ውጭ ለሚኖሩ ጡረተኞች ኤስኤስኤ-7162 የሚባል መጠይቅ ይልካል። ጥያቄው ሲጨመቅ «አሉ ወይ?» ነው። ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ደብዳቤ የሚመጣው ፖስታ ሣጥን ነው፤ የጋሼ ፖስታ ሣጥን ደግሞ ከአጎት ልጅ ጋር በደባልነት የተያዘ ነው፤ ቁልፉ ያለው አጎትየው ድሮ ይሠሩበት ከነበረው መሥሪያ ቤት የዘበኛ ኪስ ውስጥ ነው። ፖስታው ሣጥኑ ውስጥ አቧራ ይጠጣል፤ ክፍያው ይቋረጣል። ጋሼ በቁጣ ሲደውሉ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ያሰሟቸዋል። ይህ ሁሉ እንዳይሆን ሣጥኑን በራስ ስም መከራየት፣ ቁልፉን አንገት ላይ ማሰር፣ መጠይቁ ሲመጣ በዚያው ሳምንት ፈርሞ መላክ ብቻ ነው የሚፈለገው። ግን ለቁልፍ መዋጮ የሚጠይቅ ኮሚቴ እስካሁን አልተቋቋመም።

ለመሆኑ ስለ ምን ነበር? አዎ፣ ሃምሳ ዶላሩ። ይላካል፤ ምን ይደረጋል፣ ነገ ስም ዝርዝሩ ይለጠፋል። ኮሚቴው ግን ቀጣዩን ከመሸኘቱ በፊት ክፍል ቢውን፣ ቢጫ ካርዱንና የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ አሳዩን ቢል ምን ነበረበት? ተብሎ ነበር፤ «ሰውን በደስታው ቀን ማሳቀቅ ነው» ተብሎ ውድቅ ሆነ። ክትፎው ታዟል፣ አዳራሹ ተይዟል። «የአገር ቤት ኑሮ ተሞክሮ» በሚል ርዕስ የዕለቱን ንግግር የሚያደርጉት ደግሞ አምና የተሸኙት ጋሼ ናቸው።