የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል

አሁንስ በዛ! ዛሬም በእንግሊዝ ኮትስዎልድስ ኮረብታዎች መካከል፣ በቺፒንግ ካምደን የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ዝናብ እየወረደብኝ ተገትሬ ቀረሁ። «ቺፒንግ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ገበያ ማለት ነው፤ ታዲያ ሰው የማይደርስበት ገበያ ምን ዓይነት ገበያ ነው? እ.ኤ.አ. በ1627 ለቅቤ፣ ለአይብና ለዶሮ ሻጮች የተሠራው የድንጋይ አዳራሽ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የባቡር ጣቢያው ግን በ1966 በመዘጋቱ ባቡሩ ሳይቆም ሽው ብሎ ያልፋል። መኪና የሌለው ሰው ታሪክ ማየት አያምረውምን? አውቶቡሱ ገና ሳይመሽ ሥራውን ይጨርሳል፤ ባለፈው እሑድማ ጭራሹኑ አልመጣም። የዚያ ዘመን ቅቤ ሻጭ በጋሪው ከእኔ ቀድሞ ቤቱ ይገባ ነበር! የጊዜ ሰሌዳው ግን፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ በሚያምር የእንጨት ክፈፍ ተሰቅሏል።