በሚስማር የተጻፈ የዘር ሐረግ

ባለፈው እሑድ ከደብረ ሲና ቁልቁል፣ ከገደሉ ሥር ወዳለች አንዲት ዋሻ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ወርጄ ስመለስ፣ ለአገራችን ጎብኚ ያለኝ አክብሮት እጥፍ ሆኗል። አፏ ላይ ስለተከመረው የውኃ ፕላስቲክ አልናገርም፤ እናንተም ከየሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ልቤን የነካው የቀኙ ግድግዳ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ መጻፉን ግን ለሚስማር ትቶታል። አንድ ወገናችን ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የተመረቀበትን የትምህርት ክፍል፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ከሥሩም የስልክ ቁጥሩን በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ፍቆ አኑሯል። ይህን ሰው አትናቁት። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስትተኛ የተወችልን አጥንቷን ብቻ ነው፤ ስም እንኳ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1974 ከተገኘች በኋላ ነው። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ጣጣ ለማንም አላወረሰም። ከዚያም በልብ ሥዕል ውስጥ የአንዲት ልጅ ስም አስፍሯል፤ ስሙ በኋላ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተተክቷል። ስለዚህ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚመጡ ተመራማሪዎች፣ ይህ ፍጡር በሁለት እግሩ እንደሚሄድ፣ በብረት መሣሪያ እንደሚጠቀም፣ ወደ ዋሻው ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንደተመላለሰና በመካከሉ ከአንደኛዋ ጋር እንደተጣላ ያለ አንዳች ቁፋሮ ይደርሱበታል። ጥርጣሬ ከገባቸውም ይደውሉለታል፤ ደንበኛውን በአሁኑ ሰዓት ማግኘት እንደማይቻል ይነገራቸዋል።

ፈረንሳዮች በዚህ ረገድ እጅግ ፈሪዎች ናቸው። የላስኮን ሥዕላም ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ የዘጉት ጎብኚው ስለተነፈሰ ብቻ ነው፤ ትንፋሹ ግድግዳውን እያበላሸው ነበርና። እኛ ዘንድ ትንፋሽ ኢምንት ነው፤ በዋሻው መካከል ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ ጥብስ ይጠበሳል። የጥንት ሰው ያነደደው ከሰል እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜው በራዲዮካርቦን፣ ማለትም በውስጡ በቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን መጠን፣ ሊለካ ይችላል፤ የእኛ የእሑድ ከሰል ደግሞ ተረግጦ ከእርሱ ጋር ሲቀላቀል፣ ባለሙያው የትኛው የማን ምሳ እንደነበረ ሲለይ ይኖራል። ሥራ ፈጠራ ማለት ይህ ነው።

አብሮን የወረደ አንድ ጎልማሳ ከዋሻው ወለል አውራ ጣት የምታህል፣ የጥንት ሰው አንድ ጎኗን እንደ ምላጭ የሳላት ባልጩት አነሣ፤ አቧራዋን እፍ ብሎ ኪሱ ከተታት። መንገድ ያሳየን የአካባቢው ልጅ፣ «ጋሼ፣ እዚያው ቢተዉት» አለው። «ለልጄ መጫወቻ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» አለ ጎልማሳው።

እዚህ ላይ ቀልዴን ለጊዜው ልተወው። ይህ ስርቆት ነው። ከኪስ የሚሰርቅ ገንዘብ ይወስዳል፤ ይህ ግን ባልጩቷን ያነሣት ዕድሜዋን ጥሎ ነው፤ ዕድሜዋ የሚታወቀው ከተኛችበት የአፈር ንጣፍ፣ አጠገቧ ካለው አጥንትና አመድ ነበርና። በደቡብ አፍሪካው የስቴርክፎንቴይን ዋሻ አንድን አፅም ከአለት ፈልቅቆ ለማውጣትና ለማጽዳት 20 ዓመት ገደማ የፈጀው፣ ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም! አጥንቱ ከአለቱ ይልቅ ለስላሳ ስለነበረ፣ አንዱም ከሌላው አጠገብ እንዴት እንደተኛ ማየት ስለነበረባቸው ነው። እኛ ደግሞ እፍ እንላለን።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ጎልማሳው ሁለት ወንበር ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ጣርማበር ላይ ባልጩቷ የሱሪውን ኪስ ቀደደችበት፤ ተራግሞ በመኪናው መስኮት ወረወራት። እንግዲህ ጣርማበር፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አዲስ የጥንት ሰው መኖሪያ ተመሥርቷል።