«ሁሉም አንድ ናቸው» ላሉን ሰው

ቅዳሜ ቀን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር፤ ነገ ማርች 3፣ 2020 (እ.ኤ.አ.) ቨርጂኒያ ስለምትመርጥ፣ ስለ ዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ፣ ማለትም ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደርላቸውን ሰው ስለሚለዩበት ምርጫ፣ እንወያይ ተብለን። ማይክሮፎኑን የያዙት ሰው ውይይቱን ገና ሳይጀመር ዘጉት። «በጉዳዮች ላይ ሁሉም አንድ ናቸው። ፖሊሲ እያነበባችሁ ራሳችሁን አታድክሙ። ትራምፕን የሚጥለውን ምረጡና ጨርሱት» አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ሁሉም አንድ ናቸው? እንግዲያው ሰውዬው የአንዱንም ዕቅድ ገልጠው አላዩም። አንድ የሆነው ርዕሱ ብቻ ነው። ከርዕሱ ሥር ግን ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል፣ በስንተኛው ዓመት የሚል ነገር አለ። ኑሯችን ያለው እዚያ ነው።

የጓደኛዬን ቤት ልውሰድ። እሱ 46 ዓመቱ ነው፣ ኡበር ይነዳል። ሚስቱ 38 ዓመቷ ነው፣ ትንሽ ሱቅ አላት። ሁለት ልጆች አሏቸው። ኢንሹራንስ የሚሰጣቸው ቀጣሪ ስለሌለ ኦባማኬር በሚባለው ሕግ በኩል ራሳቸው የጤና ኢንሹራንስ ይገዛሉ። አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ ዘንድሮ፣ በ2020፣ የመንግሥት ድጎማ የሚያበቃው 103,000 ዶላር ዓመታዊ ገቢ ላይ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ካለፉ ድጎማው በሙሉ ይቋረጣል። ስለዚህ ይህ ሰው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መኪናውን በር ላይ አቁሞ ቤቱ ይቀመጣል። ሥራ አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ገቢው እንዳያልፍበት ፈርቶ ነው።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ጆ ባይደን ያንን የገቢ ጣሪያ አነሳለሁ፣ ማንም ለኢንሹራንስ ከገቢው 8.5 በመቶ በላይ አይከፍልም ይላሉ። ቤቱ 110,000 ዶላር ቢያስገባ በዓመት ከ9,350 ዶላር አይበልጥም ማለት ነው። ሌላው ተወዳዳሪ በርኒ ሳንደርስ ደግሞ ሁሉም በአንድ የመንግሥት ኢንሹራንስ ይገባል፣ ወርሃዊ ክፍያም ዲደክተብልም (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው) ጨርሶ ይቀራል ይላሉ፤ ምትኩ ግብር ነው። ለማሟያ ካቀረቧቸው አማራጮች አንዱ አራት ቤተሰብ ያለው ሠራተኛ ከ29,000 ዶላር በላይ በሚያገኘው ላይ 4 በመቶ ያስከፍላል። ጓደኛዬን እንደ ደሞዝተኛ ብንቆጥረው 3,240 ዶላር ይመጣበታል። 9,350 እና 3,240 አንድ ናቸው?

እዚህ ላይ የሳንደርስ ደጋፊዎች ቶሎ አትጨፍሩ። ረቂቁን ክፈቱት። ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ይገባሉ፤ አዋቂው ግን በዕድሜ ተራ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት 55 የሞላው፣ በሁለተኛው 45 የሞላው፣ በሦስተኛው 35 የሞላው፣ በአራተኛው ሁሉም። ልጆቹ ዘንድሮ፣ አባት ለከርሞ፣ እናት ከዚያ በኋላ! አንድ ማዕድ የሚቀርቡ ሰዎች በሦስት የተለያየ ዓመት። ያውም ሴኔቱ ካሳለፈው ነው። ሴኔቱ ውስጥ 60 ድምፅ የሚጠይቀውን ፊሊበስተር የሚባለውን ደንብ ሳንደርስ አላፈርስም፣ በጎን አልፈዋለሁ ብለዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ ኤልዛቤት ዋረን ባለፈው ኖቬምበር፣ እንደ ሳንደርስ ሁሉንም በመንግሥት ኢንሹራንስ የሚያስገባውንና 20.5 ትሪሊዮን ዶላር አዲስ የፌዴራል ወጪ የሚጠይቀውን ዕቅዳቸውን ከነሒሳቡ አወጡ። ሁለት ሳምንት ቆይተው ደግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ለፈለገ ሁሉ የመንግሥት ኢንሹራንስ እከፍታለሁ፣ ሙሉውን ሕግ እስከ ሦስተኛው ዓመት አመጣለሁ አሉ። አፈገፈጉ ተብለው ተብጠለጠሉ። ለእኔ ግን መቼ ምን እንደሚሆን ቁርጡን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ፊሊበስተሩንም እናፍርሰው ብለዋል።

ይህ እንግዲህ ጤና ብቻ ነው። ኢሚግሬሽን ላይ ትራምፕ ባለፈው ጃንዋሪ 31 ኤርትራን የጨመሩበትን የጉዞ እገዳ ሦስቱም እናነሳለን ይላሉ፤ ይሁን። ድንበር ያለ ፈቃድ መሻገር ወንጀል መሆኑ ይቅር ወይስ ይቆይ ሲባል ግን ባይደን ወዲያ፣ ሳንደርስና ዋረን ወዲህ ናቸው።

«ሕዝባችን ይህን ሁሉ አይከታተልም» የሚል ሹክሹክታም ነበር። ላስ ቬጋስን ልጥቀስላችሁ፤ ሐበሻ ሞልቶበታል። የካሲኖና የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር የሆነው የኩሊነሪ ዩኒየን አመራር፣ የሳንደርስ ዕቅድ የማኅበሩን ኢንሹራንስ ያሳጣችኋል የሚል ወረቀት በተነ። የካሲኖና የሆቴል ሠራተኛው ወረቀቱን አንብቦ፣ ሁለቱን አመዛዝኖ፣ ቤላጂዮ ሆቴል የምርጫ አዳራሽ ገብቶ ሳንደርስን መረጠ። ልክ ሠራ አልሠራ ሌላ ክርክር ነው። አንሶላ ሲያነጥፍ የዋለ ሰው ያነበበውን፣ ከረባት አስሮ ማይክሮፎን የያዘ ሰው አታንብቡ ሲለን ግን ያማል።

«የሚያሸንፈውን ምረጡ» ማለትስ ምንድነው? ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ሲወጡ፣ አበቃላቸው ያለን ይኸው አዳራሽ ነው። ቅዳሜ ማታ ሳውዝ ካሮላይናን ሲጠራርጉ በዚያው አፍ «አላልናችሁም?» ተባለ። እኔ የጎረቤቴን ሐሳብ ገምቼ ልምረጥ፣ ጎረቤቴም የእኔን ገምቶ ይምረጥ፤ ታዲያ የራሱን የሚመርጠው ማን ነው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ተወዳዳሪ ዴሌጌት፣ ማለትም የፓርቲውን ዕጩ የሚመርጡ ተወካዮች፣ እንደማይደርሱት አልክድም። ከዚህ በላይ ግን አልለቅላቸውም።

ደግሞ እኮ እኚያው ሰው ዓርብ ዕለት የአሜሪካ ግምጃ ቤት፣ ያለ ስምምነት የሕዳሴ ግድቡን መሙላት አይገባም ብሎ ባወጣው መግለጫ አዳራሹን አስለቀሱት። መናደዳቸው አግባብ ነው። ግን በተወዳዳሪዎቹ አሥር ክርክር የዓባይ ስም አንዴ አልተነሣም። «ማንም ይሁን» ብሎ ድምፁን በነፃ የሚያድልን ሰው ማን ብሎ ይጠይቀዋል? መርካቶ ያደገ ሰው ከፍሎ ሲያበቃ ዋጋ ይከራከራል?

ባለቤቴ ነርስ ናት። ፈረቃዋ ስለማይመች ድምፅዋን ቀደም ብላ ለሌላው ተወዳዳሪ ለቡቲጄጅ ሰጥታለች። እሳቸው ትናንት ማታ አቋረጡ፤ ዛሬ ሌላዋ ተወዳዳሪ ክሎባሻርም ተከተሉ፤ ማታ ሁለቱም ዳላስ ላይ ከባይደን ጎን ቆሙ። ቴሌቪዥኑን አይታ፣ «ያንተዋ ዋረን ሐሙስ ብታቋርጥስ?» አለችኝ።

«የነገው ማክሰኞ ነው» አልኳት። ምርጫ ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፤ ለሥራ ኤርፖርት ከመሰለፌ በፊት እደርሳለሁ።