ትንሽ ብትጨምርበት

በሀገራችን በነፃ የሚታደል ነገር ቢኖር የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ካላመናችሁ ለአንድ ሰው «በዚችው ብር ኮምፒዩተር ልገጣጥም ነው» በሉት። ከራሱ ኪስ አምስት ብር ሳያወጣ ከእናንተ ኪስ ሃያ ሺህ ይለግሳችኋል። «ትንሽ ብትጨምርበት እኮ…» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ለፕሮሰሰር፣ ማለትም ለኮምፒዩተሩ አንጎል፣ ምርጫዬ የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 5 5600ጂ ነበር። ስድስት ኮር ነው፤ ሥራውን የሚካፈሉ ስድስት ሠራተኞች አሉት እንደማለት ነው። ግራፊክሱ አብሮት ስላለ ለብቻው ካርድ ግዛ አይልም። ለጽሑፍ፣ ለኤክሴል፣ ማታ ማታም ለቀለል ያለ ጌም ይበቃል። ዝርዝሩን ለወዳጄ አሳየሁት። «ትንሽ ጨምረህ ኤኤም5 ብትይዝ አይሻልም?» አለኝ ማኪያቶውን እየማገ። የማኪያቶውን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

እሱ «ትንሽ» ያለው ነገር ምን እንደሚጎትት ልንገራችሁ። ኤኤም5 አዲሱ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ ነው፤ እሱ ሲባል ፕሮሰሰሩም፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ማዘርቦርዱም ይቀየራሉ። ያ ማዘርቦርድ ዝርዝሬ ላይ ያለውን ዲዲአር4 ራም (የኮምፒዩተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አይቀበልም፤ አዲሱን ዲዲአር5 ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስት ዕቃ ሆነ። ቀጥሎ «እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይዘህማ ያለ ግራፊክስ ካርድ አይሆንም» ይመጣል። ካርዱ ሲገባ ለዕቃው ሁሉ ኃይል የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ አይችለውም። ካርዱ ረዥም ከሆነ ኬዙም ይጠባል። ስንደምረው ልጅ መዳሪያ ሆነ። ወዳጄ ግን ማኪያቶውን ጨርሶ ሄዷል።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ሴትየዋ ጎታዋ ሙሉ ነው፤ ማንም አላስቸገራትም። እኔ የምጠረጥረው ጎረቤቷን ነው። «የኔ ማኛ ነው፣ ትንሽ ብትወስጂ» ያለቻት እሷ መሆን አለባት። ተረቱም ቢሆን አርጅቷል። በዛሬው የጤፍ ዋጋ ማን ለማን ያበድራል?

ሌሎቹ ደግሞ የኢንቴሉ ፕሮሰሰር የአይ ሰቨን ምእመናን ናቸው። አጎቴ ገና ሳልጨርስ «ኮር አይ ሰቨን ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሄ የኢንቴል አይደለም» ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአራተኛው ጀኔሬሽን (ትውልድ) አይ7-4770 አራት ኮር ነው። በ2022 የወጣው አይ3-12100ም አራት ኮር ነው፤ ግን ትንሹ ታላቁን ጥሎት ይሄዳል። አጎቴን ማስረዳት ባልችልም አልፈርድባቸውም። የምፈርደው እያወቁ «ኮር አይ ሰቨን» የሚለውን በትልቁ ለጥፈው ጀኔሬሽኑን በሚውጡት ሻጮች ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ጀኔሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የገባላቸው ወላጆች ግን ዛሬም አራተኛ ጀኔሬሽን በአይ ሰቨን ስም ይሸከማሉ። ይሄ ንግድ አይደለም፤ ማጅራት መምታት ነው።

«ጨምር» ማለት ካማራችሁ ፓወር ሰፕላዩ ላይ በሉኝ። እዚያ ላይ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ኬዝ ውስጥ ተደብቆ አይታይማ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያውን ጥፊ የሚቀበለው እሱ ነው። ገበያ ውስጥ ላዩ ላይ 500 ዋት የተጻፈበት፣ ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል ሞልቷል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለውም አለ። የኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ልጅ ነካክቶ ወደ 115 ከገፋውና ከተሰካ፣ ፍንዳታውን ጎረቤት ይሰማል። አማካሪዎቼ ግን ለኬዝ መብራት ነው «ጨምር» የሚሉኝ። ቤቱ ጨለማ፣ ኬዙ ሰባት ቀለም!

ለምን የተገጠመ አትገዛም የሚለኝም አለ። እውነቱን ልናገር? ቂም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ኮምፒዩተር ክፍል የምንገባው ጫማ አውልቀን ነበር። ኮምፒዩተሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተኝተዋል። መምህሩ ኪቦርድን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይስላል። «ማውዝ ኢንፑት ዲቫይስ ነው» ብለን በቃላችን ሸምድደን ተፈተንን። ጨርቁን ገለጥ ያደረገ አንድ ልጅ ወላጅ አምጣ ተባለ። ማሽኖቹ ሳይነኩ አርጅተው ስቶር ተከመሩ። ማን ተጠየቀ? ማንም። ስለዚህ ብሎኑን ራሴ ነው የማጠብቀው፤ ያውም ጫማዬን ሳላወልቅ።

ስለ ጭማሪው ገና ብዙ ልል ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ «እዚህ እኮ በርካሽ ነው» እያለ ሊንክ ብቻ እንደሚልክልኝ፣ ዕቃውን ግን ልኮ እንደማያውቅ አላወራሁም። ይቅር። ራም ከ2025 መገባደጃ ወዲህ በዓለም ገበያ ተሰቅሏል፤ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ናቸው የሚሻሙት። እኔ የምፈልገው ባለ 8 ጂቢ ሁለት ፍሬ ነው። አንድ ባለ 16 አይሆነኝም፤ ግራፊክሱ የሚሠራው በዚያው ራም ስለሆነ ሁለት ሲሆን ይፈጥናል። ሻጩ «ብራዘር፣ ዛሬ ካልወሰድክ ነገ ሌላ ዋጋ ነው» ብሎኛል። ሻጭ የማላምን ሰው ይሄን ግን አመንኩት፤ ሱቁ ሳይዘጋ ልሂድ።