የብልት ቀለበት «በጠበቀ ቁጥር ይሻላል» ለሚለው እርማት
«የብልት ቀለበት በጠበቀ ቁጥር ይሻላል፤ አድርገውት ቢያድሩም ችግር የለውም» የሚል አስተያየት ሲደጋገም አየሁ። ይሄ ትክክል አይደለም፤ ሰው ይጎዳል።

ቀለበቱ የወንድ ብልት እንደቆመ እንዲቆይ ከሥሩ የሚጠለቅ ነው፤ የሚሠራውም ወደ ብልቱ የገባው ደም ቶሎ እንዳይመለስ በመያዝ ነው። ከቆየ ግን አዲስ ደምም እንደልብ አይገባም። ጣታችሁ ላይ ክር ጠምጥማችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል። እዚያም ያው ነው። ስለዚህ ቢበዛ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ። ካመመ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ይውለቅ። አድርጎ መተኛት ጨርሶ አይሆንም።

ለጀማሪ የሚለጠጥ ሲሊኮን ይሻላል። ብረት ግን እብጠት ከመጣ አልወልቅ ይላል። ያኔ በሀፍረት ቤት አትቀመጡ፤ ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ማረጋገጥ ለፈለገ፣ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን መመሪያ ያንብብ ወይም ሐኪም ይጠይቅ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ሳትጠይቁ አትሞክሩት።