እርማት፦ ፕሮጀክቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነፃ አይሆንም

ጅማ ሆናችሁ ለአሜሪካ ተቋራጮች የጨረታ ዋጋ የምታሰሉ፣ «ከ250 ሺህ ዶላር በታች ከሆነ የአገር ውስጥ ምርት ግዴታ አይመለከተውም» የሚለው አባባል ስህተት ነው። ግዴታው በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መሠረተ ልማት ብረቱና የግንባታ ዕቃው አሜሪካ ውስጥ የተሠራ እንዲሆን የሚጠይቅ ነው። ግዴታውን ያወጣው የ2021ዱ የአሜሪካ መሠረተ ልማት ሕግ ራሱ እንዲህ ያለ የገንዘብ ጣሪያ የለውም። ከግዴታው ነፃ የሚያደርገው ገንዘቡን የሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያወጣው ልዩ ፈቃድ ነው፤ እሱ ከሌለ በትንሹም ሥራ ብረቱ ከማቅለጥ እስከ ቅብ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ ብረት ከማዘዛችሁ በፊት ፈቃዱን፣ የገንዘብ ጣሪያውንና የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። ከተገጠመ በኋላ ማውጣት እጅግ ውድ ነው! ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠርን ግን ሕጉ ራሱ ከግንባታ ዕቃዎች ዝርዝር አውጥቷቸዋል። ሥራው ሲያልቅ የሚነሳ መወጣጫም (ስካፎልዲንግ) በግዴታው ውስጥ አይቆጠርም።